ኪራይ የማይባልበት ቤት

እሑድ

እንግዳ ነሽ አለኝ። አራት ዓመት በኖርኩበት ቤት፣ በካልሲ ቆሜ የምሳ ዕቃዬን እያጠብኩ።

እዚህ እስራኤል እሑድም የሥራ ቀን ነው፤ ከፋብሪካ ገብቼ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነበር። ዳዊት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ፤ ከኋላው ቀለም ቀቢ አስከትሏል። ቀለም ቀቢው ሰላም እንኳ ሳይለኝ ክፍሌ ገብቶ ግድግዳውን ይለካ ጀመር። አልጋዬ ላይ ያጣጠፍኩት ልብስ ነበር፣ የውስጥ ልብሴም ጭምር። ሮጬ ብርድ ልብስ ጣልኩበት። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይኼ ነው።

ዳዊት የእማማ ትርንጎ ልጅ ነው። ቤቱ በወረቀት የሱ ነው፤ ባንኩ ለእናቱ አላበድርም ስላለ በራሱ ስም ገዛው። የሚኖሩበት ግን እማማ ናቸው። የኋላውን ክፍል ሰጥተው እኔን ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ዳዊት ካርሜ ጋት፣ አዲሱ ሰፈር፣ ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። እኔ እስኪመለሱ ቤት የምጠብቅ ነበር የመሰለኝ።

«እማዬ ከእንግዲህ አትመለስም» አለኝ። «ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ማዓሊት የለውም፣ አሳንሰር። በእግሯ እንዴት ትወጣዋለች?» ቤቱን አሳድሶ ሙሉውን ለአንድ ቤተሰብ ሊያከራየው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ እንድፈልግ ነገረኝ።

እኔ እኮ ተከራይ ነኝ አልኩት። ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ እንኳ አልነበረም። «ተከራይ? ሆዜ አለሽ? የተፈራረማችሁት ውል አለ? አንቺ የእማዬ እንግዳ ነሽ። መብራት ታግዣት ነበር፣ አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ። እህታችን ነሽ፣ ብርቄ፣ በዚህ አንጨቃጨቅም።»

ድሮ እትዬ ብርቄ ነበር የሚለኝ። ዛሬ እህቱ ስሆን እትዬው ወደቀ። ቀለም ቀቢው ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

ሰኞ

የዕብራይስጥ አስተማሪዬ በየቀኑ ትንሽ ጻፊ ብላኝ ነበር፣ በዕብራይስጥ ማለቷ ነው። በዕብራይስጥ መናደድ ስለማልችል በአማርኛ ነው የምጽፈው።

ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሳሽግ ዋልኩ። እጄ ይሠራል፣ ጭንቅላቴ ከዳዊት ጋር ይከራከራል። በእረፍት ሰዓት ጎኔ ለምትሠራው ለማሚት ነገርኳት። ማክሰኞ ማክሰኞ በሰፈሩ ማኅበራዊ ማዕከል፣ ማትናስ ውስጥ፣ በነፃ የምታማክር ጠበቃ አለች አለችኝ። «የኛው ልጅ ናት፣ አማርኛ ትሞክራለች።»

ዳዊት «መብራት ታግዣት ነበር» ያለው ነገር ነው የሚከነክነኝ። ምክንያቱም እውነቱን ነው።

እዚህ ቤት ኪራይ የሚባል ቃል የለም። በገባሁ በመጀመሪያው ወር ገንዘቡን ይዤ «እማማ፣ ኪራዩን ይቀበሉኝ» ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ከሳቸው ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ ራት በልቼ ገና መነሳቴ ነበር። «ከኔ ጋር ቆርሳ የበላች ልጅ ኪራይ ትለኛለች?» አሉ። ታዲያ ምን ልበለው አልኳቸው። «ለመብራት በይው። ከሰዓቱ ጀርባ አኑሪው።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ለአንድ ክፍል የሚከፍለውን ሁሉ በየወሩ ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ አኖራለሁ። «እማማ፣ የመብራቱን አኑሬያለሁ» እላለሁ። «እሽ፣ ይባርክሽ» ይላሉ፣ ሳያዩት። ያን ያህል መብራት የሚፈጅ ቤት በከተማችን በቂርያት ጋት ውስጥ የለም። የምሠራበት ፋብሪካም አይፈጅም።

ደስ ብሎኝ ነበር ግን። ጎንደር ወደዚህ አገር ለመምጣት ወረፋ ስንጠብቅ ስንት ዓመት በተከራይነት ኖርኩ። አከራያችን መብራት አጥፉ፣ ውሃ ደጅ አትድፉ፣ ሰው አታብዙ ትለን ነበር። ተከራይ ማለት ለኔ በሰው ግቢ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። እዚህ እንደልቤ ነው የምራመደው። ስለዚህ ቃሉ ሲቀርልኝ አልከፋኝም። ይኸው አሁን ጉድ ሠራኝ።

ማክሰኞ

ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት። «ቁጭ በይ፣ ብርቄ። ምን ሆንሽ?» ብላ ጀመረች። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በኋላ ገባኝ። አማርኛ የተማረችው ከአያቷ ነው። አያቷ አንቺ ሲሏት ስላደገች ዓለምን ሁሉ አንቺና አንተ ነው የምትለው። ሽማግሌ ቢመጣባትም አንተ ማለቷ አይቀርም። ግን ልቧ ጥሩ ነው፣ ሰዓቷን እያየች አላናገረችኝም።

ሆዜ አለሽ? የለኝም። በባንክ ነው የምትከፍዪ? ከሰዓት ጀርባ ነው። «ምን?» ሰዓት፣ የግድግዳ ሰዓት። ደረሰኝስ? እማማ ትርንጎ ደረሰኝ ሲሰጡኝ አሰብኩና ሳቄ መጣ።

«ክፍልሽ ይቆለፋል?»

መቀርቀሪያ ገዝቼ ገጥሜ ነበር፣ እንደገባሁ ሰሞን። እማማ አዩት። ከበሩ ፊት ቆመው «ከማን ላይ ነው የምትዘጊው?» አሉኝ፣ በቀስታ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። በዚያው ቀን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

«እሷ ወደ ክፍልሽ ትገባለች?» ትገባለች ወይ። ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት። ሽንብራ ቆሎ ይዘው ይመጡና አልጋዬ ላይ ይቀመጣሉ። ማን ነው የሚያበስለው? ቀድሞ የገባ። ማዕድ ለየብቻ ነው? እንዴት ሁኖ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «ስሚኝ። ሶኼሬት ከሆንሽ፣ ተከራይ ማለት ነው፣ ክፍሉ የአንቺ ነው። ዳዊት ዝም ብሎ ውጪ አይልሽም፣ ጊዜ መስጠት አለበት፣ ምክንያትም። ኦራኻት ከሆንሽ ግን፣ የእናቱ እንግዳ ከሆንሽ፣ እሷ ስትሄድ አንቺም ትሄጃለሽ። አሁን የነገርሽኝ ሁሉ እንግዳ ያደርግሻል።»

በሕጉ ዘንድ ያ ሁሉ ደግ ነገር ጠላቴ ነው ማለት ነው። ቆሎው ይከስሰኛል፣ ያልተዘጋው በር ይከስሰኛል።

«መጥፎ ነገር የለም?» አለችኝ በተስፋ። «ተጣልታችሁ አታውቁም?» በጨው አንድ ጊዜ ተኳርፈናል አልኳት። ጨዉን አልጻፈችውም።

ረቡዕ

ደክሞኛል።

ከባቡር ጣቢያው ወዲህ የሚከራይ ክፍል አየሁ። መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። ባለቤትየዋ ውሉን በእጇ ይዛ ነው በር የከፈተችልኝ። ሽታ ያለው ምግብ አይበስልም፣ ሰው አያድርም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ውሃ አይከፈትም። ጎንደር ያለችው አከራያችን ዕብራይስጥ ተምራ የመጣች ነው የመሰለኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐይፋ ያገባችው ልጄ ነይ እኛ ጋ ትላለች። ሁለት ክፍል ውስጥ ከሕፃን ጋር። ደግሞስ ሥራዬ እዚህ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ማን አዲስ ይቀጥረኛል?

ከዚህ መውጣት አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይኼ ክፍል ጠዋት ፀሐይ ትገባበታለች፣ ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረበት። ያ ነው ነገሩ። ይኼን ለጠበቃዋ ብነግራት ደግሞ እንግዳ ያደርገኛል።

ሐሙስ

እማማን ልጠይቅ ሄድኩ። ካርሜ ጋት ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ ዛፎቹም ገና በእንጨት ተደግፈው ነው የቆሙት። ማዓሊቱ ውስጥ መስታወት አለ። ፊቴን አየሁትና ይበልጥ ደከመኝ።

እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ሳሎኑ ጥግ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። በቤታቸው እንዲህ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። እዚያ ወይ ሽንብራ ይለቅማሉ፣ ወይ መስኮት ላይ ሁነው የሰፈሩን ሰው ያማሉ። የዳዊት ሚስት ደህና ሴት ናት፣ ሻይ አቀረበችልኝ። እማማ ውሃ ጠምቷቸው ሊነሱ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ውሃ ብጠጣ ያስቸግርሻል?» አሏት።

ያስቸግርሻል። እኔን እኮ «ብርቄ፣ ውሃ» ብቻ ነው የሚሉኝ።

የሚተኙት ኮምፒዩተር ባለበት ክፍል፣ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። ዳዊት ከቤት ሲሠራ ክፍሉን ይለቁለታል። ሲነግሩኝ በምሬት አይደለም። «ሥራው ነው፣ ምን ያርግ» አሉ።

ዳዊት አጠገባችን ስለነበር ስለ ክፍሉ ምንም አላነሳሁ። እሳቸውም አላነሱም። ይወቁ አይወቁ እንጃ። ሽንብራውን ነቀዝ እንዳይበላው አሉኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዙና ሳብ አደረጉኝ።

«የመብራቱን አኑረሻል?»

«ከሰዓቱ ጀርባ አለ፣ እማማ።»

«ተይው እዚያው ይቆየኝ። ማንም እንዳይነካው።»

ዳዊት ሰምቶ ፈገግ አለ። «እማዬ፣ መብራቱ እኮ ከኔ ሒሳብ ነው የሚቆረጠው» አላቸው። እማማ እጄን ጨብጠው ለቀቁኝ።

ዓርብ

ጠበቃዋ ደወለች። አንድ መንገድ አለ አለችኝ። ለየብቻ ነው የምንኖረው፣ እሷ ተቀባይ ናት፣ እኔ ከፋይ፣ በመሃላችን ሌላ ነገር የለም ብዬ ቃሌን ብሰጥ ትሟገትልኛለች። «ይኼን ማለት ትችያለሽ?» እሽ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለሰንበት ወጥ ስሠራ ለሁለት ሰው መሥራቴን ያየሁት ድስቱ ሲሞላ ነው።

ደረጃ ላይ የሰፈራችንን ሽማግሌ፣ አባ ፈረደን፣ አገኘኋቸው። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ሲጓዙ የእማማ ባል መንገድ ላይ ሞተው የቀበሯቸው እሳቸው ናቸው፤ ዳዊት ያን ጊዜ ጀርባ ላይ የሚታዘል ሕፃን ነበር። ስለዚህ ዳዊት ሌላ ሰው ባይሰማ እሳቸውን ይሰማል። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ጠበቃ ይዘሻል አሉ» አሉኝ።

«ምን ላድርግ፣ አባ።»

«ያዥ፣ አልከለክልሽም። መጀመሪያ ግን እኛ እንቀመጥ። እሑድ፣ ሰው ከሥራ ሲገባ። ትርንጎ በቤቴ ካልሆነ አልቀመጥም ብላለች፣ ይኼንኑ ንገሯት ብላኛለች።»

እንግዲያው እማማ ያውቃሉ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም። ቤቱን ጠረግኩ፣ ደረጃውንም ጨምሬ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ቀኑን ስተኛ ዋልኩ፣ ድካሜ ግን አልወጣልኝም።

ነገ የምለውን ተለማመድኩ። ለየብቻ ነው የምንኖረው። ከፋይ ነኝ። በመሃላችን ሌላ ነገር የለም። መስታወት ፊት ሁለቴ አልኩት፤ ሦስተኛው ላይ አፌ እንቢ አለ። ዳዊትም ጠበቃዋም የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ቤተሰብ ከሆንሽ መብት የለሽም፣ መብት ካለሽ ባዳ ነሽ። እኔ ደግሞ ሁለቱም ነኝ፣ በዕብራይስጥ ምን ይባል ይሆን።

እሑድ

እማማ በእግራቸው ወጡ። ዳዊት ልሸከምሽ ቢል እንቢ አሉት። የወጥ ቤት ወንበር ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይወጣል። ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ያስቀምጣል፣ ይቀመጣሉ፣ ይተነፍሳሉ። አባ ፈረደም ደክሟቸው ኖሮ እማማ ሲነሱ እሳቸው ይቀመጡበታል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርሱ እኔ ከላይ ቆሜ ሳቅም እንባም መጣብኝ። ዳዊት በላብ ተጠምቋል።

አባ ፈረደ መረቁና ዳዊትን ተናገር አሉት።

ዳዊት ደህና ተናገረ፣ እውነቱን መደበቅ አልችልም። «አባ፣ እናቴ ወድቃ ግማሽ ቀን መሬት ላይ ቆይታለች። ብርቄ ሥራ ላይ ነበረች፣ አልወቅሳትም፣ ሥራዋ ነው። ግን እኔ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሞተች እያልኩ መኖር አልችልም። ብርቄ እህታችን ናት። እህት ደግሞ በወንድሟ ላይ ጠበቃ አታቆምም።»

ያቺን ግማሽ ቀን እኔም አልረሳኋትም። በር ከፍቼ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ።

ተራው የኔ ሆነ። ለየብቻ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፣ ከፊቴ እማማ በራሳቸው ወንበር ላይ፣ በራሳቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። አልወጣልኝም። «እኔ ምን እንደሆንኩ እማማን ይጠይቋቸው» አልኩ። ፈሪ ነኝ።

«ትርንጎ» አሉ አባ ፈረደ፣ «ብርቄ ምንሽ ናት?»

«ተከራዬ ናት» አሉ እማማ።

 አራት ዓመት ልጄ ልጄ ሲሉኝ ቆይተው፣ ሰው ፊት ሲጠየቁ ተከራዬ። ሳምንቱን ሙሉ የለመንኩት ቃል ይኼው ነበር፣ ሲሰጡኝ ግን ከፋኝ። ያ የጎንደሩ ግቢ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ሻንጣዬን ላውጣ እንዴ ብዬ አሰብኩ።

«ብርቄ፣ ከሰዓቱ ጀርባ ያለውን አምጪልኝ።»

አመጣሁ። አራት ዓመት በእጃቸው ተቀብለውኝ አያውቁም። ዛሬ መዳፋቸውን ዘረጉና ተቀበሉ፣ ዳዊት እያየ። «ይኼ ኪራይ ነው» አሉ። «ለመብራት ያልኩት አፍሬ ነው። አብራኝ ከምትበላ ልጅ ኪራይ ተቀበለች እንዳልባል። ኪራይ ነው፣ አባ ፈረደ፣ ይስሙኝ።»

ከዚያ ወደ ዳዊት ዞሩ። «እሷ እንግዳ ናት ካልከኝ እኔም እንግዳህ ነኝ። ቤቱ ባንተ ስም ነዋ። እንግድነትን ደግሞ አንተ ቤት ወር ሙሉ አየሁት። አልከፋኝም፣ ሚስትህም ትባረክ። ግን ውሃ ለመጠጣት ሰው ሳስፈቅድ ይኼ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ይቺ ተከራይ ናት። እኔ ደግሞ አከራይ ነኝ። አከራይ የሆነ ሰው ቤት አለው።»

 ዳዊት በእጁ ፊቱን ጠረገ፣ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም።

«ደረጃውስ፣ እማዬ?» አለ፣ ድምፁ ቀንሶ።

«አሁን በምን የወጣሁ መሰለህ?»

አባ ፈረደ እንዲህ አሳረፉት። እስከ ፋሲካ እማማ እዚሁ ይቀመጡ። ዳዊት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ያስተክል፣ ቀን ቀን የምታያቸው ሴት ከመንግሥት መድን ድርጅት ይጠይቅ። ለኔም ሆዜ ይጻፍልኝ፣ ኪራይ የሚል ቃል ያለበት። እማማ ደግመው ከወደቁ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይነሳል። ዳዊት እሽ አለ። ሲወጣ «ደህና እደሪ፣ እትዬ ብርቄ» አለኝ። ወንበሩን እንደያዘ ሊወርድ ነበር፣ አስታወሰና መለሰው።

እማማ በአልጋቸው ተኝተዋል። እኔ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። አሸንፌ ነው የማለቅሰው።

ሰኞ

ለጠበቃዋ ደወልኩ። «ማዜል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ አንቺ ሶኼሬት ነሽ» ብላ ጮኸች። ደስ ያላት ከኔ ይልቅ እሷ ናት።

ከሥራ ስገባ እማማ በምርኩዛቸው ወጥ ቤት ቆመው አገኘኋቸው። እንዴት ዋልሽም አላሉኝም። «ያ መቀርቀሪያ የት ገባ?» አሉ።

መሳቢያ ውስጥ አለ አልኳቸው።

«ግጠሚው። ዳዊት ውሉን ይዞ ሲመጣ ይየው።»

ገጠምኩት። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እዚያው ናቸው፣ ብሎኖቹ በቀላሉ ገቡ። ገብቼ ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ቤት የተዘጋ በር ውስጥ ነኝ። ሕጋዊ ተከራይ ነኝ። ምንም ደስ አላለኝም። ስለ ፋሲካ አሰብኩ፣ ስለ እርጥብ መታጠቢያ ቤት አሰብኩ፣ ተከራዬ ናት ያሉበት ድምፅ ደግሞ አሁንም አልወጣልኝም።

ምርኩዙ ቀጭ ቀጭ እያለ በኮሪደሩ መጣ። እጀታው ዞረ፣ በሩ እንቢ አለ።  ከዚያ ተንኳኳ። እማማ ትርንጎ አንኳኩ።

«ማን ነው?» አልኩ። ከኔና ከሳቸው በቀር ማን አለ።

«አከራይሽ ነኝ።»

ከፈትኩ። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ትኩስ ሽንብራ ቆሎ በሳህን ይዘዋል፤ ግማሹ ኮሪደር ላይ ፈስሷል። ገብተው እንደ ልማዳቸው አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸውን ቃኙ፣ ዳዊት ወይ ጠበቃዋ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቁ ይመስል።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውንም ገፋሁት።

«እሽ፣ ልጄ» አሉ፣ «እንዴት ዋልሽ?»